አርብ ዕለት በርበራ ላይ ልጆቹን የሚያየው ማነው?

ሐርጌሳ ባሕር የላትም። ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች፣ አየሯ ለእኛ ለደገኞቹ የማይከብድ፣ መሐሏን ደረቅ ወንዝ የሚያቋርጣት ከተማ ናት። እዚህ የተወለዱት ልጆቼ ውሃ የሚያውቁት ከቦቴ ወደ በርሚል፣ ከበርሚል ወደ ባልዲ ሲገለበጥ ነው። ከዚያ አንድ አርብ ማለዳ ሚኒባስ እንኮናተርና 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ በርበራ ወርደን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ፊት እናቆማቸዋለን። የወላጅ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፤ እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናርፈው እዚያው ላይ ነው።

ደሴ አድጌ ሐርጌሳ ትንሽ ምግብ ቤት የከፈትኩ ሴት ነኝ። ለሽርሽር የምንሄደው ሐበሻውም ሶማሌውም ጎረቤት ተቀላቅሎ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። በሞቃቱ ወራት የበርበራ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ አቅም ያለው የበርበራ ሰው ራሱ ወደ ሼክና ወደ ሐርጌሳ ሽቅብ ይሸሻል። የጥንቶቹ የዋሻ ሥዕሎች ወዳሉበት ወደ ላስ ጌል የሚገነጠለውን መንገድ አልፈን፣ ዳርቡሩቅን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ፣ አክንባሎ ሲነሣ ፊት የሚመታው ዓይነት ወበቅ በመስኮት ይገባል። ልጆቹ ያኔ መጮኽ ይጀምራሉ። ባሕሩን ገና ሳያዩት ጫማቸውን ያወልቃሉ።

ባታላሌ ዳርቻ ደርሰን ምንጣፍ ስናነጥፍ ሥራ ይከፋፈላል። ሴቶቹ ሩዙንና ሥጋውን እናወጣለን፣ ፔርሙዙን እንከፍታለን። ወንዶቹ ከምሳ በኋላ ጥላ ፈልገው ጫታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ስለ ልጆቹ የሚጠይቅ ካለ መልሱ አንድ ነው፦ «እያየናቸው ነው።» ማን? ሁላችንም። ደሴ ሳለሁ የጎረቤት እናት እንደ ወላጅ ልትቆጣኝም ልታጎርሰኝም መብት ነበራት፤ ያን አስተዳደግ እወደዋለሁ፣ ለመንደር ይሆናል። ለባሕር ግን አይሆንም። ስድስት አዋቂ በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ሲጫወት እያንዳንዱ ሌሎቹን አምስቱን አምኖ ዞር ይላል። አንዷ ሻይ ትቀዳለች፣ አንዱ ስልክ ያነሣል፣ አንዷ ዓሣ ለሚሸጠው ልጅ በዛድ፣ ማለትም በስልክ፣ ገንዘብ ለመላክ ቁጥር ትነካካለች። ልጅ ለመስጠም ከዚያ የበለጠ ጊዜ አያስፈልገውም።

ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። ፍራንክ ፒያ የተባለ የኒው ዮርክ የባሕር ዳርቻ ጠባቂ ሰዎች እንዴት እንደሚሰጥሙ ለዓመታት ተመልክቶ በ1970ዎቹ የጻፈው አለ፤ የውሃ ጠባቂዎች እስከ ዛሬ ይማሩታል። የሚሰጥም ሰው በፊልም እንደምናየው እጁን አያውለበልብም፣ «ድረሱልኝ!» አይልም። አፉ ከውሃው በላይ ብቅ የሚለው ለአፍታ ነው፤ በዚያች አፍታ ትንፋሽ ይስባል እንጂ መጮኽ አይችልም። ክንዶቹ ወደ ጎን ተዘርግተው ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ፣ ሰውነቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እግሩ አይራገጥም። እንዲህ ሆኖ የሚቆየው ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ነው፤ ትንሽ ልጅ ሲሆን ደግሞ ወደ 20ው ያደላል። ከሩቅ ለሚያይ ሰው የቆመ ወይም የሚጫወት ልጅ ይመስላል። ስለዚህ ባሕር ላይ ድንገት ዝም ያለ ልጅ ካለ ተነሥቶ መሄድ ነው። የሚንጫጫው ልጅ ደኅና ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሰው ሰጥሞ ሞቷል። ከአራቱ አንዱ ያህል አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር። ከሟቾቹ ከመቶ 92ቱ እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጁላይ 25 የመስጠም አደጋ መከላከያ ቀን እንዲሆን ወስኗል። እኛ ሰፈር ቀኑን ሲያነሣ የሰማሁት ሰው የለም። ስለ ባሕር ሳይወራ ቀርቶ አይደለም፤ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሌላንድ አዲስ አበባ ላይ የመግባቢያ ሰነድ ከተፈራረሙ ወዲህ ምግብ ቤቴ ውስጥ ስለ ባሕር በር ያልተከራከረ ደንበኛ አላስታውስም። ልጅን ባሕር ዳር እንዴት እንደሚይዙ ግን አንዱም አንሥቶ አያውቅም።

እኛ ሐበሾቹ በዚህ ላይ የራሳችን ጣጣ አለብን። ደሴ ያደገ ሰው ሐይቅን አይቷል፣ የአዲስ አበባው ቢሾፍቱን ወይም ላንጋኖን ያውቃል፤ ውሃ ሁሉ እንደዚያ ይመስለዋል። ሐይቅ ጠዋት ያየኸው ቦታ ማታም አለ። ባሕር ግን በየቀኑ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ በርበራ ላይ ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል። ጠዋት የትንሿ ልጄን ጉልበት ያልነካው ውሃ ከምሳ በኋላ ደረቷ ላይ ሊሆን ይችላል። ልጅቷ ቦታውን አትቀይርም፤ የሚቀየረው ውሃው ነው። «እዚያች ድንጋይ ጋ ብቻ ተጫወቱ» ብሎ ምንጣፍ ላይ መቀመጥ ለዚህ ነው የማይሠራው።

ሁለተኛው ነፋሱ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካሪፍ የሚሉት ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ፣ ማለትም ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍሳል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ተነሥቶ፣ ሊነጋ ሲል በርትቶ፣ ከቀትር በኋላ ነው የሚበርደው። በዚያ ወቅት ማንም ወደ በርበራ አይወርድም እንዳይባል፣ ኢድ የጨረቃን ዑደት ስለሚከተል የትም ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. ኢድ አል አድሐ የዋለው ሰኔ 9 ነበር። ከየብስ የሚነፍስ ነፋስ የዳርቻውን ውሃ ዝም ያሰኘዋል፣ ሞገድ የለም፣ የተረጋጋ ይመስላል። ኳስ ሲወድቅበት ግን ይዞት ወደ ውስጥ ይሄዳል። ሰው የሚያከራየውን የመኪና ከመነዳሪም እንዲሁ፤ ከነተቀመጠበት ልጅ። ከመነዳሪው ልጅን ያንሳፍፋል እንጂ አይጠብቅም፤ እናቲቱን ግን ተረጋግታ እንድትቀመጥ ያደርጋታል፣ ክፋቱም ይህ ነው። ለልጆቼ ያስተማርኳቸው የመጀመሪያው የባሕር ሕግ «ኳስ ከሄደ ይሂድ፤ ኳስ ይገዛል» የሚል ነው። ከመነዳሪ የምፈቅደው ገመድ ታስሮበት፣ የገመዱን ጫፍ አዋቂ ይዞት ከሆነ ብቻ ነው።

ሌላ ችግር አለ፤ ሴቶች ስለሆንን የምናውቀው። አብዛኞቻችን ዋና አንችልም፣ ወደ ባሕርም የምንገባው ከነልብሳችን ነው። አባያና ሻሽ ውሃ ሲጠጡ ከባድ ናቸው፤ እግር ይጠላለፋሉ። እናት ልጇን አይታ ዘልላ ብትገባ ሁለት ሰው ይሰጥማል፤ ብዙ ቦታ የሆነውም ይኸው ነው። ስለዚህ ምንጣፋችን አጠገብ ክዳኑ ጥብቅ ያለ ባዶ ቢጫ ጀሪካን፣ እጀታው ላይ ገመድ ታስሮ ሁልጊዜ ይቀመጣል። ሰው ያንሳፍፋል፣ ይወረወራል፣ ይጎተታል። ገመዱ ካልደረሰ የተጠማዘዘ ነጠላም ይሆናል። ዋና የማይችል ሰው የሚያድነው ከዳር ሆኖ ነው።

ከወገኖቼ መካከል ልጆቻቸውን ጭራሽ ባሕር የማያሳዩ እናቶች አሉ፤ አልፈርድባቸውም። በዚያው በ2016 ሰኔ መጀመሪያ ላይ ከቦሳሶ የተነሣች ጀልባ የመን አጠገብ ተገልብጣ ቢያንስ 49 ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነሱ ስድስቱ ልጆች ነበሩ። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ የአገራችን ሰዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ያንን ውሃ መጫወቻ ነው ማለት ለሚያዝን ሰው ይከብዳል። ግን ባሕር ዳር ባለ አገር የሚያድግ ልጅ እናቱ ብትከለክለውም አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ከጓደኞቹ ጋር ይሄዳል። ምንም ሳያውቅ ከሚሄድ አውቆ ቢሄድ ይሻላል።

አሁን የምንሠራበትን ልንገራችሁ። አንድ ብርቱካንማ ሻሽ አለን። ሻሹን እጁ ላይ ያሰረ ሰው ለሩብ ሰዓት ጠባቂ ነው፤ አይበላም፣ ስልክ አይነካም፣ ወሬ አይጫወትም፣ ፊቱን ወደ ባሕሩ አድርጎ ውሃው ጫፍ ላይ ይቆማል። ተራው ሲያልቅ ተረካቢውን በስሙ ጠርቶ፣ ልጆቹን አብረው ቆጥረው፣ ሻሹን ከእጁ ፈትቶ ይሰጣል። ተረካቢው «ተቀብያለሁ» ሳይል አይሄድም። ከአምስት ዓመት በታች ላሉት ይህም አይበቃም፤ እያንዳንዳቸው ውሃ ውስጥ አብሯቸው የቆመ፣ እጁን ቢዘረጋ የሚይዛቸው የራሳቸው አዋቂ አላቸው። ታላቅ እህት አዋቂ አይደለችም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሕፃን ተሸክማ ስታሳድግ እያየን ስላደግን ይህ ይረሳናል፤ ውሃ ውስጥ ግን ታናሿ አንገቷን ስትይዛት ሁለቱም ይወርዳሉ።

ጎረቤቴ መጀመሪያ ሳቀችብኝ። «ዋላል፣ እኅቴ፣ ወታደር ቤት አደረግሽው» አለችኝ። ሰዓቱን ያስተካከለችው ግን ራሷ ናት። የዙሁር ሶላት ሲደርስ አዋቂው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሣል፣ ውዱ ያደርጋል፣ ይሰለፋል፤ «ያኔ ሻሹን ማን ሊያስረው ነው?» ብላ ልጆቹ ሁሉ ከውሃ ወጥተው ምንጣፍ ላይ ሳይቆጠሩ ሶላት እንዳይጀመር ደነገገች። ወንዶቹን ማሳመን ረዘመ። ጫት ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ክፍት ነው፣ ልቡ ግን ጨዋታው ላይ ነው። አሁን ተስማምተው የሻሽ ተራቸውን ከጫቱ በፊት ይጨርሳሉ። ልጆቹንም ብርቱካንማና ቢጫ ማልበስ ጀምረናል፤ ሰማያዊና ነጭ ልብስ ውሃ ውስጥ አይታይም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ልጅ ሊሰጥም ይችላል። ያኔ የብዙዎቻችን እጅ የሚሄደው ልጁን በእግሩ ዘቅዝቆ ወደ ማንጠልጠል ወይም ሆዱን ወደ መጫን ነው። ጊዜ ያጠፋል፣ ሆዱ ያለውን ወደ ሳንባው ያስገባል። ልጁ የሚያስፈልገው አየር ነው። የማይተነፍስ ከሆነ ጠንከር ያለ መሬት ላይ በጀርባው አጋድሞ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ በአፉ አምስት ጊዜ መተንፈስ፤ ለሕፃን ከሆነ አፍና አፍንጫውን ባንድ ላይ በአፍ ሸፍኖ። ከዚያ ደረቱን መሐል ላይ፣ የደረቱን ውፍረት ሢሶ ያህል እየተጫኑ 30 ጊዜ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሚሆን ፍጥነት፤ ቀጥሎ ሁለት ትንፋሽ፤ እንደገና 30። መኪና ሲነሣም ይህ አይቆምም። ካስመለሰው ወደ ጎን አዙሮ አፉን ማጽዳት ነው። ልጁ ነቅቶ ቢስቅም ሐኪም ሳያየው ወደ ሐርጌሳ አይመለስም፤ ሳንባው ከሰዓታት በኋላ ሊብስ ይችላልና። ከምንጣፋችን ሰዎች ይህን የተለማመደ ቢያንስ አንድ ሰው እንዲኖር እንፈልጋለን። ትራስ ላይ መለማመድ ይቻላል፤ ልጆቹ ይስቁብናል።

ስለ ባሕር ይህን ያህል ካልኩ በኋላ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ልጆች በብዛት የሚሰጥሙት ለሽርሽር በሄዱበት ሳይሆን ቤታቸው አጠገብ፣ እናት ሥራ ላይ ባለችበት ሰዓት ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ ትንንሾቹን ልጆች ጠዋት ጠዋት አንድ ቤት ሰብስባ የምትጠብቃቸው የመንደር ሴት ሲመድቡ የሞቱ ቁጥር በእጅጉ ወርዷል። እኛ ጋ አደጋው ሌላ ስም አለው፦ ገጠሩ ውስጥ ዝናብ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተገነባው ቢርካ፤ «ጉ» በሚሉት ዝናብ ጊዜ ከላይ የዘነበው ድንገት የሚሞላው የከተማችን ደረቅ ወንዝ ማሮዲ ጄኽ፤ ግቢ ውስጥ ያለው በርሚል። ለሕፃን አንድ ባልዲ ይበቃዋል፤ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ስለሆነ በፊቱ ከወደቀ ቀና ማለት አይችልም። ምግብ ቤቴ ውስጥ ጠዋት ምጣድ ስንጥድ የሠራተኞቼንም የእኔንም ትንንሽ ልጆች የምትይዝ አንዲት እናት የቀጠርኩት ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው። ደመወዟን የምንከፍለው ተዋጥተን ነው፤ መጀመሪያ ላይ «ለመቀመጥ ይከፈላታል» የሚል ጉርምርምታ ነበር።

አርብ ማታ ከበርበራ ስንመለስ ሁሉም ደክሟል። ልጆቹ ከጨው ይታጠባሉ፣ ልብሱ ሳፋ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ «ነገ አጥበዋለሁ» ብሎ የሚተኛ ሰው አለ። እኛ ቤት ልብሱ ያድራል፣ ውሃው ግን አያድርም፤ ሳፋው ተደፍቶ፣ በርሚሉ ተከድኖ ድንጋይ ይጫንበታል። ጎረቤቴ ይህንንም ሰምታ ልትስቅ ስትል የራሷ ሕፃን መዳህ መጀመሩ ትዝ አላት መሰለኝ፣ ክዳን የሚሸጥበትን ሱቅ ጠየቀችኝ።