የሚጣል ድንጋይ ወይስ የሚሞላ?

እንደሚታወቀው ከቢቸናና ከሞጣ ወጣ ብለው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ሬዲዮ የዜና መስሚያ ብቻ ሳይሆን የማስተማሪያ መሣሪያም ሆኖ ኖሯል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ እንኳ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በሬዲዮ እንዲተላለፍ ተደርጓል። ነገር ግን ሬዲዮ ያለ ድንጋይ ባዶ ሣጥን ነው። ድንጋዩ በትምህርቱ መካከል ካለቀ ሥርጭቱ ማንንም አይጠብቅም፤ ልጆቹ የዚያን ቀን ትምህርት አጡ ማለት ነው። እኛ እጩ መምህራን ነገ ወደ እነዚህ ትምህርት ቤቶች የምንሰማራ እንደመሆናችን፣ የሚጣለውን ድንጋይ በሚሞላ ባትሪ መተካት ያዋጣል ወይ የሚለውን አብረን እንመርምር።

በመጀመሪያ፣ በሚጣለው ድንጋይ ውስጥ ምን አለ? በተለመደው ርካሽ ድንጋይ ዕቃው ራሱ ከዚንክ የተሠራ ነው። መካከሉ ላይ የካርቦን ዘንግ ቆሟል፤ ዙሪያውን የማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድና የካርቦን ጥቁር ዱቄት ሞልቶታል። የዚህን ዓይነት ባትሪ መሠረት የጣለው ፈረንሳዊው ዦርዥ ለክላንሼ በ1866 እ.ኤ.አ. ነው። ድንጋዩ ኃይል በሰጠ ቁጥር ዚንኩ ይበላል። ዕቃው ሲሳሳ ይበሳና ውስጡ ያለው ፈሶ የሬዲዮውን ሽቦ ይበላል።

«ፀሐይ ላይ ቢሰጣስ?» የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፣ የደከመ ድንጋይ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ኬሚካዊ ሥራ ስለሚፈጥን ለጥቂት ጊዜ ነፍስ ይዘራል። የተበላው ዚንክ ግን በፀሐይ አይመለስም።

በሚሞላው ባትሪ ይሄ ነገር ይለያል። ከውጭ ኤሌክትሪክ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲገባበት ኬሚካሉ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል። ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ በ1859 እ.ኤ.አ. በእርሳስ የሚሠራውን ባትሪ አወጣ፤ የመኪና ባትሪ የዚህ ዘር ነው። ስዊድናዊው ቫልደማር ዩንግነር ደግሞ በ1899 እ.ኤ.አ. የኒኬልና የካድሚየም ባትሪ ሠራ። ካድሚየም መርዛማ በመሆኑ ለሬዲዮና ለእጅ ባትሪ በሚሆነው መጠን ዛሬ በብዛት የሚሸጠው የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ ነው። በአግባቡ ከተያዘ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ይሞላል።

አንድ ጥያቄ ይነሣል። የሚጣለው ድንጋይ 1.5 ቮልት፣ የሚሞላው ግን 1.2 ቮልት ነው። አራት ድንጋይ የሚበላ ሬዲዮ በ6 ቮልት ፈንታ 4.8 ያገኛል። ታዲያ ይሠራል? አብዛኛውን ጊዜ አዎን። የሚጣለው ከ1.5 ቢነሣም በሥራ ላይ እየወረደ ይሄዳል፤ የሚሞላው ግን እስከ መጨረሻው ድረስ በ1.2 አካባቢ ይቆያል። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ብዙ ኃይል በሚስብ ዕቃ ላይ ነው። ከሩቅ በሬዲዮ የምትታዘዝ አሻንጉሊት መኪና በሚጣል ድንጋይ ቶሎ ትደክማለች። በውጭ አገር እንዲህ ያሉ መኪናዎችን የሚነዱ ሰዎች ቀድመው ወደ ሚሞላ ባትሪ የተሻገሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ባትሪው ላይ 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ተጽፎበታል እንበል። ሬዲዮው 100 ሚሊ አምፔር የሚስብ ከሆነ 20 ሰዓት ያህል ይሠራል። የአንዱ ትምህርት ርዝመት 20 ደቂቃ ቢሆን 60 ትምህርት ማለት ነው። የመሙያው ጉልበት 200 ሚሊ አምፔር ከሆነ በወረቀት ላይ 10 ሰዓት ይበቃል፤ የሚባክን ስላለ ግን ወደ 14 ሰዓት ይፈጃል።

ያዋጣል ወይ ለሚለው ደግሞ የመሙያውንና የባትሪዎቹን ዋጋ ደምራችሁ ለአንድ ዙር ድንጋይ ዋጋ አካፍሉት። መልሱ 12 ቢመጣና ትምህርት ቤቱ በወር 2 ዙር የሚጨርስ ቢሆን፣ ወጪው በ6 ወር ተመለሰ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ ነው።

መብራት ያልገባበት ትምህርት ቤት ምን ያድርግ? ቢቸናም ሞጣም የመብራት መስመር ያላቸው ከተሞች ናቸው። ስለዚህ ሁለት ዙር ባትሪ መያዝ ነው፤ አንዱ ሬዲዮው ውስጥ ሲሠራ ሌላው ለገበያ ወይም ለደመወዝ ወደ ከተማ ከሚወርድ መምህር ጋር ሄዶ ይሞላል። ትንሽ የፀሐይ መሙያ ከተገኘማ ጉዞውም ይቀራል።

ሊጠበቁ የሚገባቸው ነገሮች፦

1. የሚጣለውን ድንጋይ መሙያ ውስጥ አታስገቡ። ሊፈስ ወይም ሊፈነዳ ይችላል።
2. የሚሞላውንና የሚጣለውን፣ አዲሱንና አሮጌውን አትቀላቅሉ። በየዙሩ ምልክት ጻፉበት።
3. ስትገዙ መጠኑን ከሬዲዮው ጋር አስተያዩ፣ ቁጥሩንም አንብቡ። ትንሹ ባትሪ በትልቅ ማቀፊያ ቢገባም ጉልበቱ ያው የትንሽ ነው።
4. ሬዲዮው ለክረምት ሲቀመጥ ባትሪውን አውጡ።

ሁሉንም እንለውጥ ማለታችን አይደለም። ለግድግዳ ሰዓትና ከስንት አንዴ ለምትበራ የእጅ ባትሪ የሚጣለው ይሻላል፤ ብዙው የሚሞላ ባትሪ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ቀስ በቀስ ይደክማልና።

በመጨረሻም ያለቀው ድንጋይ የት ይግባ? ጥቁሩን ዱቄት ወቅጦ ሰሌዳ ማጥቆር በገጠር ትምህርት ቤቶች የታወቀ ዘዴ ነው። ሆኖም የማንጋኒዝ ብናኝ ለሳንባ ጥሩ ስላልሆነ ሕፃናትን ማስወቀጥ አይገባም፤ አዋቂ አፍንጫውን ሸፍኖ፣ ዱቄቱን አርጥቦ ይሥራው። የቀረውን ምንጭና የከብት መጠጫ አጠገብ አትጣሉ።

ስለሆነም የተመደባችሁበት ትምህርት ቤት ስትደርሱ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሬዲዮው ስንት ድንጋይ ይበላል? በወር ስንት ዙር ይጨርሳል? ወደ ከተማ በየስንት ቀኑ ሰው ይወርዳል? መልሱን ይዛችሁ ከርእሰ መምህሩ ጋር ብትመክሩ፣ የልጆቹ ትምህርት በድንጋይ ማለቅ አይቋረጥም።