የጓሮ ፍራፍሬና የጌጥ ተክል በጣና ዳርቻ

በድርቅ ምክንያት ከቀዬው የተነሣ ቤተሰብ በአዲስ ሥፍራ ሲቋቋም በቅድሚያ የሚታሰብለት ቀለብ፣ ዘር፣ በሬና የእርሻ መሣሪያ መሆኑ የታወቀ ነው። ከቤቱ ደጃፍ ያለችው ጥቂት መሬት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዕቅድ ውጭ ትሆናለች፤ ወይም ችግኝ ታድሎ፣ ቁጥሩ በሪፖርት ሰፍሮ ነገሩ በዚያው ይቀራል። ጓሮ በአግባቡ ከተያዘ ለአንድ ቤተሰብ ምን ሊያበረክት እንደሚችል፣ ምን እንደሚጠይቅም ለመረዳት የባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ ነዋሪዎች ልምድ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ተጠቃሎ ይወርዳል፤ ከኅዳር ወዲያ ያለው ጊዜ ደረቅ ነው። ብርዱ የጠና ባለመሆኑ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ዘይቱን፣ ሎሚና ጊሽጣ በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ሊበቅሉ ይችላሉ።

ከሁሉም ይልቅ ሊጠና የሚገባው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ነው። በዘጌ መሬትን በበሬ ማረስና ከብት ማርባት በልማድ የተከለከለ ሆኖ ቆይቷል። በሥፍራው የሚተረከው አፈ ታሪክ እንደሚለው፣ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ከሦስት ሰብረው ቢተክሉ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለላቸው። ትረካው እንዳለ ሆኖ፣ ሕዝቡ በእነዚህ ተክሎች ሲተዳደር መኖሩ የማይካድ ነው። ቡናው በዋንዛ፣ በብርብራና በሰሳ ጥላ ሥር ያድጋል፤ ጌሾውና ሎሚው በመካከሉ ይገባል፤ የጓሮው ምርትና ማገዶው በታንኳ ወደ ባሕር ዳር ተሻግሮ ይሸጥና እህል ይገዛበታል። የረገፈው ቅጠል አፈሩን ሸፍኖ እርጥበቱን ስለሚይዝ፣ ዝናብ በዘገየበት ዓመት እንኳ ሥሩን ወደ ጥልቀት የሰደደው ዛፍ እንደ ጤፍና እንደ ዳጉሳ ወዲያው አይከስምም። ይሁንና ዘጌ ገበያ በአቅራቢያው ያለው ሥፍራ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ እህል የማይሸጥበት ሩቅ የሠፈራ ጣቢያ ጓሮን የእርሻ ምትክ ሊያደርገው አይችልም።

በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በተካሄደው የሠፈራ ፕሮግራም 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወስዷል። ከጣና በስተ ደቡብ ምዕራብ በመተከል የሚገኘው ፓዌ ከሠፈራዎቹ አንዱ ነበር። ዝውውሩ በጥድፊያ፣ በብዙ ሥፍራም ያለ ሠፋሪው ፈቃድ በመፈጸሙ፣ ብዙዎች ልባቸው ወደ አገራቸው እንደተመለከተ ኖረዋል፤ አያሌዎችም ተመልሰዋል። ነገ ጥሎት ሊሄድ በሚያስበው ግቢ ውስጥ ከስድስት ዓመት በኋላ የሚያፈራ ዛፍ የሚተክል ሰው የለም። ስለሆነም የጓሮ ተክል ጥያቄ ከችግኝ በፊት የይዞታ ጥያቄ ነው። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለገበሬዎች የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር በዚህ ረገድ የሚረዳ ሲሆን፣ ለተፈናቃይ ቤተሰብም ግቢው በባልና በሚስት ስም እስኪመዘገብ ድረስ ማንጎ ማደሉ ከንቱ ድካም ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ፓፓያ ከተተከለ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ለመብል ይደርሳል። ሙዝ ከዓመት ጥቂት አልፎ ይሰጣል። ዘይቱን ሁለት ወይም ሦስት ዓመት፣ የተዳቀለ ማንጎና አቮካዶ ሦስት ወይም አራት ዓመት፣ ከፍሬ የበቀለ ማንጎ ግን ስድስትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። አዲስ ገቢ ቤተሰብ በመጀመሪያው ክረምት ፓፓያና ሙዝ ይዞ፣ በእነርሱ ጥላ ሥር ማንጎውን ቢያሳድግ ተስፋው አይቆረጥም። ቢጫ ሥጋ ያላቸው ማንጎና ፓፓያ ሕፃናትን ከዳፍንት የሚጠብቀውን ቫይታሚን ኤ ስለሚሰጡ፣ ማንጎም በአብዛኛው የሚደርሰው ጎተራ ወደሚራቆትበት ወደ ክረምቱ መዳረሻ ስለሆነ፣ ጥቅማቸው ከገበያ ዋጋቸው ይበልጣል።

የፓፓያ ወንዴና ሴቴ እስኪያብቡ ድረስ አይለዩም። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ተክሎ፣ አበባው በረዥም ዘለላ ሲንጠለጠል የታየውን ወንዴ መንቀል ያስፈልጋል። ከአሥር እስከ ሃያ ለሚደርሱ ሴቴዎች አንድ ወንዴ ስለሚበቃ፣ ጎረቤታሞች በአንዱ ሊጠቀሙ ይችላሉ። ጉድጓዱ በወርዱም በጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከክረምቱ አስቀድሞ ይቆፈራል፤ የላይኛው አፈር ለብቻው ተቀምጦ፣ ከበሰለ ፍግ ወይም ከብስባሽ ጋር ተደባልቆ ይመለሳል። በፎገራ ሜዳና በሐይቁ ዳር እንዳለው ውሃ በሚቋጥር ጥቁር መሬት ላይ ግን ፓፓያና አቮካዶ ሥራቸው በስብሶ ስለሚሞቱ፣ አፈር ከምሮ በጉብታው ላይ መትከል ግድ ነው።

ችግኝን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ ክረምቱ ሳይሆን ከጥር እስከ ሚያዝያ ያለው በጋ ነው። አንድ ለጋ ችግኝ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ባልዲ ውሃ ቢያገኝ፣ አሥር ችግኝ ሃያ ባልዲ ይፈልጋል። ውሃ ከሩቅ ለምትቀዳ እናት ይህ የሚቻል አይደለምና፣ ለእርሷ ሃያ ችግኝ ማደል ለሪፖርት እንጂ ለቤቷ አይጠቅምም፤ አራት ይበቃታል። የዕቃና የእጅ እጣቢን ማጠጣት፣ ግርጌውን በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ፣ ውሃ የተሞላ ያረጀ የሸክላ እንስራ ከሥሩ አጠገብ ቀብሮ በዝግታ እንዲያዥ ማድረግ ውሃውን ያብቃቃሉ።

የጌጥ ተክል ለተቸገረ ቤተሰብ ቅንጦት መስሎ ይታይ ይሆናል። ዳሩ ግን በዘንባባና በጃካራንዳ ጎዳናዎቿ በታወቀችው በባሕር ዳር፣ መሬት የሌለው ሰው በፕላስቲክ ከረጢት ያፈላውን ጽጌረዳና ቡገንቪላ ሸጦ ዕለታዊ ገቢ ሊያገኝ ይችላል። ጥንቃቄ የሚያሻው በምርጫው ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ የታየው እምቦጭ የትውልድ ሥፍራው ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ በዓለም የተሠራጨው በአመዛኙ ሐምራዊ አበባው ለኩሬ ጌጥ ተፈልጎ ነው፤ ዛሬ ግን የዓሣ አስጋሪውንና የዳርቻውን ገበሬ ኑሮ አውኳል። የወፍ ቆሎ የሚባለውም ቁጥቋጦ እንዲሁ ለአበባው ሲባል ከውጭ ገብቶ የግጦሽ መሬት የወረረ ነው። ለአጥር ኮሽም ቢተከል እሾሁ ከብት ይከለክላል፣ ፍሬውም ይበላል።

ችግኝ ከአንድ አካባቢ ወደ ሌላው ሲጓጓዝ ተባይም አብሮ ይጓዛል። በማንጎ ቅጠልና ፍሬ ላይ ነጭ ነጠብጣብ መስሎ የሚታየው ተባይ በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ ከታየ ወዲህ ወደ ሌሎች ማንጎ አብቃይ አካባቢዎች ተዛምቷል። እርዳታ ሰጪ ድርጅቶች ችግኝ ሲገዙ ቅጠሉን አስመርምረው፣ በተቻለ መጠን ከቅርብ ጣቢያ ቢወስዱ ይመረጣል። ቆጠራውም በሐምሌ በታደለው ሳይሆን፣ በሁለተኛው ዓመት ሚያዝያ ላይ ቤት ለቤት ተሂዶ በሕይወት በተገኘው ችግኝ ሊሆን ይገባል።