ባቡር በጠረጴዛ ላይ
(የሞዴል ባቡር ሠሪዎች ሥራ፣ ችግርና ክርክር)

በማሠልጠኛችን ውስጥ «ሞዴል» ሲባል ለአብዛኛዎቻችን የሚታየን ከካርቶን የተሠራ ልብ፣ ከጭቃ የተሠራ እሳተ ገሞራ፣ ወይም በክር የተንጠለጠለ የፀሐይ ቤተሰብ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ሞዴል መሥራትን የዕድሜ ልክ ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች አሉ። ከሥራ መልስ ጓዳቸው ወይም ምድር ቤታቸው ገብተው ሐዲድ ይዘረጋሉ፤ ድልድይ ይገነባሉ፤ በሁለት ጣት የምትነሳ ሎኮሞቲቭ ፈታተው ይጠግናሉ። ጎረቤት ሲያያቸው «ይህ ትልቅ ሰው በአሻንጉሊት ይጫወታል እንዴ?» ይላል። እነሱ ደግሞ ይህችን «አሻንጉሊት» የምትባል ቃል አይወዷትም። ለምን እንደማይወዷት ለመረዳት ሥራቸውን ቀረብ ብሎ ማየት ነው። ነገሩ ለዕጩ መምህራንም የሚሆን ብዙ ነገር አለበት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው መጫወቻ መሆኑ አይካድም። ማርክሊን የተባለው የጀርመን ድርጅት በ1891 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይ በቁልፍ ተጠምዝዞ የሚሄድ ባቡር ከነሐዲዱ አቀረበ። ትልቁ ቁም ነገር ባቡሩ ሳይሆን ሐዲዱ ነበር። ስፋቱ ተወስኖ የተሠራ ስለነበር ዛሬ የተገዛው ሐዲድ በሚቀጥለው ዓመት ከሚገዛው ጋር ይገጥማል። መጫወቻው ወደ ሥርዓት የተለወጠው እዚህ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ልኬት እንምጣ። በዓለም ላይ በብዛት የተለመደው መጠን «ኤች ኦ» ይባላል፤ ግማሽ ዜሮ ማለት ነው፤ «ዜሮ» ከሚባለው ትልቅ መጠን በግማሽ ያህል ስለሚያንስ። ልኬቱ 1 ለ87 ነው። ይኸውም ማንኛውም እውነተኛ ርዝመት ለ87 ይካፈላል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ74 የሆነ የባቡር ነጂ 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ሃያ ሜትር የሚረዝም ፉርጎ 23 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። መደበኛው የሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነውና ሲካፈል 16.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል።

ለእኛ ቅርብ በሆነው እንሞክረው። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው የኢትዮ ጅቡቲ መስመር የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። በ1 ለ87 ሲሠራ 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ሞዴል ሠሪዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት ሐዲድ ባለ 12 ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ደግሞ ስፋቱ መደበኛው ስለሆነ 16.5 ይፈልጋል። አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን ላሳይ የሚል ሰው ሁለት ዓይነት ሐዲድ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ርዝመቱስ? አሮጌው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ለ87 ብናካፍለው 9 ኪሎ ሜትር ይወጣል! ከፍታውም እንዲሁ ነው። ከጅቡቲ የባሕር ጠረፍ ተነስቶ ለገሃር ሲደርስ ወደ 2350 ሜትር ገደማ ወጥቷል፤ በሞዴል 27 ሜትር ይሆናል፣ የዘጠኝ ፎቅ ቁመት። እንዲህ ያለውን ማን ቤት ያስገባዋል? በሃምቡርግ ከተማ በ2001 የተከፈተው ሚኒያቱር ቩንደርላንድ የተባለው ትልቅ የሞዴል ባቡር ማሳያ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ አለው። እሱ ግን የወደብ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ብዙ ሠራተኞችም አሉት።

ስለዚህ ሞዴል ሠሪ ሁሉ ይዋሻል። ዋሸ ስል ልኬቱን በየቦታው ያጥፋል ማለቴ ነው። ዋናው ውሸት ኩርባው ነው። በዋና መስመር ላይ ባቡር የሚታጠፍበት ክብ ሬዲየሱ በመቶዎች ሜትር ይቆጠራል። 300 ሜትር እንኳ ብንል በ1 ለ87 ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ባቡሩን አዙሮ ለመመለስ ወደ ሰባት ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ክፍል ይጠይቃል። በገበያ የሚሸጠው የተለመደ ኩርባ ግን ሬዲየሱ 36 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ በእውነተኛው ዓለም 31 ሜትር መሆኑ ነው። እውነተኛ የመንገደኛ ባቡር በዚህ ላይ ቢሞክር ወዲያው ከሐዲዱ ይወጣል።

ፍጥነትም ላይ እንዲሁ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በ1 ለ87 በሴኮንድ 19 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው መሄድ ያለበት። ሁለት ሜትር ጠረጴዛ ለማቋረጥ አሥር ሴኮንድ ይፈጅበታል። ልጆችና እንግዶች ግን መቆጣጠሪያውን እስከ መጨረሻው ያዞሩታልና ባቡሩ እንደ ጥይት ይወረወራል። ሞዴል ሠሪዎችን አንጀታቸውን ከሚያሳርራቸው ነገር አንዱ ይህ ነው።

የእንግሊዞቹ ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ክርክር ነው። በእንግሊዝ ድልድዩና ዋሻው ጠበብ ያለ በመሆኑ ሎኮሞቲቮቹም ከሌላው አውሮፓ ያነሱ ናቸው። መጀመሪያ ፋብሪካዎቹ ሞዴሉን በ1 ለ87 ሊሠሩ ሲያስቡ የዚያን ጊዜው ሞተር ውስጡ አልገባ አለ። ምን አደረጉ? አካሉን ወደ 1 ለ76 አሳደጉና ሐዲዱን እዚያው 16.5 ላይ ተዉት። 16.5 በ76.2 ሲባዛ 1257 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከእውነተኛው ስፋት 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠቧል። ባቡሩ ጠባብ ጫማ የተጫማ ወፍራም ሰው ይመስላል። አብዛኛው ሕዝብ «ዓይን ለምዶታል፣ ይሂድልን» ብሎ ይቀበላል። ጥቂቶች ግን አሻፈረኝ ብለው 18.83 ሚሊ ሜትር ሐዲድ በእጃቸው እየሠሩ፣ መንኮራኩሩን ሁሉ እየቀየሩ ይኖራሉ። እነዚህኞቹ በዓመታት ልፋት የጨረሱት አንዲት ትንሽ ጣቢያ ብቻ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው ንትርክ ገና አልበረደም። እኔ በበኩሌ የሁለቱንም አልነቅፍም። የምነቅፈው ልኬቱ የታጠፈ መሆኑን ሳያውቅ የሚያሳየውን ነው።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ልመለስ። በክር ያንጠለጠልነው የፀሐይ ቤተሰብ ውስጥ ፀሐይ ብርቱካን፣ መሬት ሎሚ ትሆንና በመካከላቸው አንድ ስንዝር ይኖራል። መሬት በፀሐይ ዲያሜትር ላይ ብትደረደር 109 ጊዜ ትገባለች። ተማሪው ይህን ካልተነገረው ያየውን ሎሚ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ለፈተናም ይዞት ይመጣል። መርጃ መሣሪያው አይሠራ አልልም። «መጠኑና ርቀቱ ትክክል አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ ግን ትክክል ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር አብራ ትሂድ ነው የምለው። በልምምድ ማስተማር ጊዜ ገምጋሚዎች የመሣሪያውን ውበት ብቻ አይተው ነጥብ ከሚሰጡ ይህችን ዓረፍተ ነገር ቢጠይቁ ደስ ይለኛል።

ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። የሞዴል ሠሪው የዕለት ተዕለት ጠላት ማነው ቢባል ቆሻሻ ነው። አብዛኛው ሞዴል ባቡር ባትሪ አይዝም፤ በ12 ቮልት አካባቢ ኤሌክትሪክ በሐዲዱ በኩል ይመጣለታል። አንዱ ሐዲድ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ነው። መንኮራኩሩ ኤሌክትሪኩን ከሐዲዱ ለቅሞ ለሞተሩ ይሰጣል። ሁለቱን ዋልታ ብታቀያይሩ ባቡሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ታዲያ በመንኮራኩሩና በሐዲዱ መካከል በዓይን የማይታዩ ትናንሽ የእሳት ፍንጣሪዎች አሉ፤ አቧራና ዘይት ሲጨመርበት ጥቁር ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ባቡሩ ይንተባተባል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ በመጨረሻ ቀጥ ይላል። መፍትሔው አልኮል በነካ ጨርቅ መጥረግ ነው። በብርጭቆ ወረቀት የሚፈገፍጉም አሉ፤ ለጊዜው ያበራል፣ ግን ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻው ይመሽግና ከበፊቱ የባሰ ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር ባቡሩ ከኤሌክትሪኩ መነሻ በራቀ ቁጥር መድከሙ ነው። ሐዲዱ በአጫጭር ቁራጭ የተቀጣጠለ ስለሆነ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ትንሽ ትንሽ ቮልቴጅ ይበላል። ስለዚህ ከጠረጴዛው ሥር ወፈር ያለ ሽቦ ይዘረጋና በየሜትሩ ገደማ በካውያና በሊድ ከሐዲዱ ጋር ይበየዳል። ብዙ ጀማሪ ይህን ሥራ ይዘለዋል፤ ከላይ አይታይማ።

ሦስተኛው የሚያስገርመው ነው። ሐዲዱ ክብ ሠርቶ ወደመጣበት መስመር ሲመለስ የቀኙ ሐዲድ ከግራው ጋር ይገናኛል። ፖዘቲቭ ከኔጋቲቭ ጋር ገጠመ ማለት ነው፤ ሾርት! ይህን ለመከላከል ክቡ በሁለት ቦታ ይቆረጥና ባቡሩ ውስጡ ሳለ ዋልታው በማብሪያ ማጥፊያ ይገለበጣል። ማርክሊኖች ከዚህ ጣጣ ያመለጡት ሁለቱንም ሐዲድ አንድ ዋልታ አድርገው ሌላውን በመካከል በተደረደሩ ነጠብጣብ ብረቶች ስለሚያመጡት ነው። መካከለኛው ብረት ግን እውነተኛ ባቡር ላይ የለም። ይኸው ደግሞ ሌላ ክርክር!

ከ1990ዎቹ ወዲህ በብዛት የመጣው ዘዴ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ አንድ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ይሰጠዋል፤ የራሱ ቁጥርም አለው። ኤሌክትሪኩ ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ አለ፤ ትእዛዙም በዚያው ሐዲድ ይተላለፋል። «ቁጥር 7 ቀስ በል፣ ቁጥር 12 ቁም» እንደማለት ነው። በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር ለየብቻ መንዳት ተቻለ። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም፤ ሠላሳ አሮጌ ሎኮሞቲቭ ያለው ሽማግሌ ሁሉንም ልቀይር ቢል ኪሱ ይራቆታል።

ከኤሌክትሪክ ባልተናነሰ ሁኔታ መልክዓ ምድሩ ጊዜ ይወስዳል። ተራራው ከተጨማደደ ጋዜጣ ላይ ጀሶ የተነከረ ጨርቅ በማልበስ ይሠራል። አፈሩ እውነተኛ አፈር ነው፤ በወንፊት ይነፋል። በሐዲዱ መካከል የሚፈሰው ጠጠር በውሃ በቀጠነ ኮላ ይያዛል፤ በስሪንጅ ጠብ ጠብ ይደረጋል። ችግሩ ጠብታው አቧራው ላይ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ አልሰርግ ይላል። አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሲገባበት ግን ወዲያው ይሰርጋል። ስለ ውሃ ገጽ ውጥረት ለማስተማር ከዚህ የረከሰ ሙከራ አላውቅም፤ አፈር፣ ውሃና ሳሙና ብቻ ነው።

በዚህ ሥራ ስሙ የተጠራው አሜሪካዊው ጆን አለን ነው። በካሊፎርኒያ፣ ሞንቴሬይ፣ በቤቱ ውስጥ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርሱ ተራሮች ሠርቷል። ከእሱ በፊት ብዙ ሰው ሞዴሉን ከፋብሪካ እንደወጣ እያብለጨለጨ ነበር የሚያሳየው። እሱ ጥላሸት፣ ዝገትና የተሰበረ አጥር ጨመረበት። ቀልድም ያውቅ ነበር፤ ፉርጎ የሚጎትት አንድ ዳይኖሰር ነበረው! በጥር 1973 አረፈ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ቤቱ ውስጥ እሳት ተነስቶ ሥራው ጠፋ። ዛሬ የምናውቀው በፎቶግራፎቹ ነው። ጥሩ ፎቶ አንሺ ባይሆን ኖሮ አንዳች አይቀርም ነበር።

ይህ ነገር ስለ አሮጌው መስመራችን ያሳስበኛል። ወደ አዲስ አበባ መምጣት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። በየመንገዱ ያሉት ትናንሽ ጣቢያዎች፣ የውሃ ታንከሮቹ፣ የፉርጎዎቹ ቅርጽ ማን ለክቶ ያዘው? ሞዴል ሠሪዎች አንድ ቀላል ዘዴ አላቸው። በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ ጥቁርና ነጭ የተቀባ የአንድ ሜትር ዱላ ግድግዳው ላይ ያስደግፉና ፊት ለፊት ቆመው ፎቶ ያነሳሉ። ከዚያ ቤታቸው ተቀምጠው የበሩን፣ የመስኮቱን፣ የጣሪያውን ልክ ከዱላው እያመዛዘኑ ያወጣሉ። ድሬዳዋ ወይም አዋሽ አካባቢ የሚመደብ ምሩቅ ከተማሪዎቹ ጋር ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ዱላ፣ ቀለምና አንድ ስልክ ነው።

ገንዘብና ቦታ ለሌለው ሰው አንድ የሚገርም ጨዋታ አለ። እንግሊዛዊው አላን ራይት ያወጣው ነው። ሦስት ሐዲድ አለ፤ አንዱ አምስት ፉርጎ፣ ሁለቱ ሦስት ሦስት ፉርጎ ይይዛሉ። ሦስቱም በአንድ ጫፍ ይገናኛሉ፤ እዚያ ያለው መስመር ሎኮሞቲቩንና ሦስት ፉርጎ ብቻ ይችላል። ስምንት ፉርጎዎች አሉ፤ አምስቱ በረጅሙ፣ ሦስቱ በአንዱ አጭር ሐዲድ ላይ ይቆማሉ። ከስምንቱ አምስት በዕጣ በተራ ይወጣሉና ረጅሙ ሐዲድ ላይ በዚያው ተራ መደርደር አለባቸው። ማንሳት ክልክል ነው፤ መጎተትና መግፋት ብቻ። ሊወጣ የሚችለው ተራ ስንት ነው? 8 × 7 × 6 × 5 × 4 = 6720። ሁሉም መፍትሔ አለው። ስምንት የክብሪት ቤትና በጠመኔ የተሰመረ ጠረጴዛ ይበቃል፤ ዘጠነኛው ክብሪት ሎኮሞቲቭ ይሁን።

ለማሟሻ፦ በረጅሙ ሐዲድ ላይ ከሎኮሞቲቩ በኩል 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ቆመዋል፤ በአንዱ አጭር 6፣ 7፣ 8፤ ሌላው ባዶ ነው። መጀመሪያ 1ንና 2ን ብቻ አቀያይሩ። ከዚያ ረጅሙን በሙሉ ገልብጣችሁ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1 አድርጉት። በትንሹ እንቅስቃሴ የጨረሰ ዕጩ መምህር ቁጥሩን ከዚህ ወረቀት ግርጌ ይጻፍ።