ሰው የሳቀበት ቦታ

ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ፣ የጀበና ቡና ደጅ ላይ ተቀምጫለሁ። ከመንገዱ ማዶ ወጣቶች ከበሮ እየመቱ ሰው ሰበሰቡ። መድረክ የለም፤ ያላቸው አንድ ነጠላና አንድ ዱላ ነው። የድራማው ባል «ራቴስ?» ብሎ ዱላውን ሲያነሳ ተመልካቹ በሳቅ ፈነዳ። ሚስት ሆኖ የሚጫወተው ነጠላ የተከናነበ ጎረምሳ ስለሆነ ይሆናል። ቡና ቀጂዋ ግን አልሳቀችም። «ይኼ ቀልድ ነው እንዴ?» አለች ሲኒ እያለቀለቀች። ነገሩ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።

ወንድ ነጠላ ለብሶ ሴት መሆኑ የኛ ቴአትር የቆየ ልማድ ነው።  የደብረ ኤልያሱ ጸሐፌ ተውኔት ዮፍታሔ ንጉሤ ድርሰታቸውን በተማሪዎች ሲያሠሩ ሴቷም ወንድ ነበር። ተዋናይቷ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴ መድረክ እስክትወጣ ብዙ ዓመት አለፈ። ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል ደግሞ ተመልካቹ «ቁም!» ብሎ ተዋናዩን ተክቶ እንዲጫወት አደረገ። በዚያ ደንብ ቢሆን ቡና ቀጂዋ መንገዱን ተሻግራ ዱላውን በያዘች ነበር።

እሷም ተጫውታ ታውቃለች፤ ገጠር፣ በትምህርት ቤት ክበብ፣ ሙሽራ ሆና።

«ወንድሜ፣ ‹አላገባም!› ብዬ ስጮኽ አገር አጨበጨበልኝ። በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ስገባ ሽማግሌዎች ቤታችን ተቀምጠዋል። አንደኛው ፊት ተቀምጦ ሲያጨበጭብልኝ የነበረው ነው። አባቴ እግሩን እጠቢለት አለኝ፤ አጠብኩት። ‹ጎሽ፣ ድራማሽ ጥሩ ነበር› አለኝ።»

ሕጉ ግን ተለውጧል። የ1949ኙ ወንጀለኛ መቅጫ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር፤ የ1996ቱ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይፈርድበታል። የክልሉ የቤተሰብ ሕግም የጋብቻን ዕድሜ 18 ካለ ቆይቷል። ሽማግሌው ይህን አያውቅም አልልም። ድራማው ነግሮታል እኮ!

ለዚህ ነው ሞሰቦ የምትገርመኝ። በይልማና ዴንሳ፣ በዚያች ቀበሌ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው «ብርሃነ ሔዋን» ሰውን በውይይት ብቻ አልተወም። ልጅቷን ሳይድር ላቆየ ቤተሰብ ከሁለት ዓመት በኋላ በግ ወይም ፍየል ይሰጥ ነበር። ለአባት የማይድርበትን ምክንያት ግቢው ውስጥ አሰሩለት ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ድራማ የሚያሠሩ አንድ ኃላፊን ያጨበጨበው ሰው ቤቱ ገብቶ ምን እንዳደረገ የሚከታተል አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «ግንዛቤ ተፈጥሯል» አሉኝ። ጥያቄዬን ስደግም የታዳሚ ፎቶ አሳዩኝ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቅ ስብሰባ ገቡ።

ቡና ቀጂዋ ተዳረች፣ ፈታች፣ ባሕር ዳር ገባች። ከዚህ በላይ አላወራችኝም።

ከበሮ መቺዎቹ ወጣቶች ለሚቀጥለው ድራማ ሚስቲቱን አንቺ ተጫወቺልን ብለዋታል።

«ጀበናዬን ማን ያይልኛል?» አለቻቸው። እምቢ ግን አላለችም።