የታሸገ ሳንቲም ምን ያህል ይታመናል?

የምኒልክ ብር ወይም ማርትሬዛ ያላችሁ ሰዎች «አሜሪካ ልኬ ላስመርምረው?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ።

ስመ ጥሮቹ መርማሪዎች ፒሲጂኤስ (እ.ኤ.አ. 1986) እና ኤንጂሲ (1987) ናቸው። ሳንቲሙን ከአንድ በላይ ባለሙያ ያየዋል፤ ከ1 እስከ 70 ባለው መለኪያ ደረጃ ይሰጠውና በፕላስቲክ ይታሸጋል። እውነተኛውን ከሐሰተኛው በመለየት በኩል አምናቸዋለሁ። ደረጃው ግን የዓይን ፍርድ ነው። ያው ሳንቲም ከማሸጊያው ወጥቶ ዳግም ሲላክ 64 የነበረው 65 ሆኖ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ለዚችው አንድ ነጥብ ዋጋው እጥፍ ሊሆን ስለሚችል ደጋግመው የሚልኩ ነጋዴዎች አሉ።

በሎሚና በአመድ የተፈተገ ብር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቁጥር አያገኝም። አምፖል ሥር ዘንበል ስታደርጉት ጭረቶቹ ባንድ አቅጣጫ ተደርድረው ይታያሉ፤ መለያው ላይም «የተጸዳ» ተብሎ ይጻፍበታል። እባካችሁ አትወልውሉ! (ማርትሬዛው ላይ 1780 ስላያችሁም አትቸኩሉ፤ በኋላ የተመቱትም ያንኑ ዓመት ይዘዋል።)

ማሸጊያውም ራሱ በሐሰት ይሠራል። ከመክፈላችሁ በፊት የምስክር ወረቀት ቁጥሩን በድርጅቱ ድረ ገጽ አስገቡ፤ ፎቶ ካለው እጃችሁ ላይ ካለው ሳንቲም ጋር ጭረት በጭረት አስተያዩት።