ከሥዕሉ ጀርባ፦ የፓይሞል ሴሽን የያዘው መዝገብ

በሥነ ሕይወት መጽሔቶች ላይ የምናያቸው ባለ ቀለም፣ ጥምዝምዝ የፕሮቲን ሥዕሎች ብዙዎቹ የተሠሩት ፓይሞል በተባለው ሶፍትዌር ነው። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ዋረን ዲላኖ እ.ኤ.አ. በ2000 ለተጠቃሚዎች አቀረበው፤ እሱ በ2009 ካረፈ በኋላ በ2010 ሽሮዲንገር የተባለው ኩባንያ ተረከበው። ዲላኖ ከባዱን ስሌት ለሲ ቋንቋ ሰጥቶ የትእዛዙን በር በፓይተን ከፈተ። በዚህም ምክንያት በማውስ ከሚሠራው አብዛኛው በጥቂት የፓይተን መስመሮችም ይታዘዛል፤ ፕሮግራሙ በውስጡ የያዘውም ይጠየቃል።

ሴሽን ማለት ፕሮግራሙ በአንድ ወቅት የሚገኝበት ሁኔታ በሙሉ ነው፦ የተጫኑት ሞለኪውሎች፣ የእያንዳንዱ አቶም መገኛ፣ ቀለሙ፣ የካሜራው አቅጣጫ፣ የተለኩ ርቀቶች፣ የማሳያ ምርጫዎች። ሥራው ሲቀመጥ ይህ ሁሉ ባንድ ፋይል ይጠቃለላል።

የሰውን ሄሞግሎቢን እንውሰድ። በፕሮቲን ዳታ ባንክ ውስጥ 4ኤችኤችቢ በሚል መለያ ይገኛል። አራት ሰንሰለቶች አሉት፤ አልፋ የሚባሉት ሁለቱ 141፣ የቀሩት ሁለቱ 146 አሚኖ አሲዶች ይዘዋል። በእያንዳንዱ ሰንሰለት ውስጥ ደግሞ ብረት ያቀፈ ሄም አለ። የአቶሞቹን ስምና ዓይነት ለማንበብ «ኢተሬት» የተባለው ትእዛዝ ይበቃል። መገኛቸውን የሚፈልግ «ጌት ኮርድስ»ን ይጠራል። «ጌት ቪው» ደግሞ ስለ እይታው 18 ቁጥሮች ይመልሳል፦ 9ኙ ሞለኪውሉ የዞረበትን አቅጣጫ፣ 3ቱ የካሜራውን ስፍራ፣ 3ቱ የመዞሪያውን ማዕከል፣ የቀሩት የፊትና የኋላ መቁረጫ ወሰንንና የእይታውን ዓይነት ይናገራሉ። እነዚህን ቁጥሮች በስክሪፕቱ ያኖረ ተመራማሪ ከዓመታት በኋላም ያንኑ ሥዕል ከዚያው ማዕዘን ያወጣዋል።

እነዚህ በሮች የማይደርሱበት ነገር ግን አለ። በአልፋ ሰንሰለት 87ኛው አሚኖ አሲድ ሂስቲዲን ሲሆን የሄሙን ብረት ከአንድ ወገን ይዞታል። አንድ ሰው በመካከላቸው ያለውን ርቀት በማውስ ቢለካ፣ የተቆራረጠ መስመርና በአንግስትሮም የተጻፈ ቁጥር ይወጣል። መስመሩ አቶም ስላልሆነ «ኢተሬት» አያየውም። ብዙ ልኬት ያለበት የሌላ ሰው ሴሽን ሲደርሰን የትኛው መስመር ከየት ወደ የት እንደተዘረጋ ማወቅ የሚቸግረውም ለዚህ ነው።

መፍትሔው «ጌት ሴሽን» ነው። ይህ ትእዛዝ የሴሽኑን ሁኔታ እንደ ተራ የፓይተን ዲክሽነሪ ያስረክባል። በውስጡ «ኔምስ» በሚል ስም የተቀመጠው ዝርዝር ለእያንዳንዱ ነገር አንድ መዝገብ አለው፤ የመዝገቡ መጀመሪያ ስሙ ነው፣ ስድስተኛው ክፍል ውስጣዊ ይዘቱ ነው። የርቀት ልኬት ከሆነ እዚያ ውስጥ የሁለቱ ጫፎች መገኛ ተደርድሮ ይገኛል፤ ለአንድ መስመር ስድስት ቁጥሮች፣ ለእያንዳንዱ ጫፍ ሦስት ሦስት። እነዚህን ከአቶሞቹ መገኛ ጋር ያስተያየ ስክሪፕት የተለኩትን አቶሞች በስማቸው ይጠራል፤ በእጅ ሲሠራ ሰዓታት የሚፈጀውንም ሰንጠረዥ በቅጽበት ያወጣል።

ይህን መንገድ የሚከተል ሰው ሁለት ነገር ይጠንቀቅ። አንደኛ፣ የመዝገቡ አደራደር ፕሮግራሙ ለራሱ ያበጀው ስለሆነ ከእትም እትም ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ መደበኛ ትእዛዝ ካለ ቅድሚያው የእሱ ነው፤ ከሌለ ደግሞ ስክሪፕቱ የተሞከረበት እትም ቁጥር ይጻፍበት፤ የሚያወጣውም ውጤት በማያ ገጹ ላይ ከሚታየው ልኬት ጋር ይመሳከር። ሁለተኛ፣ የሴሽን ፋይል የተለመደው ማከማቻ ፒክል የሚባለው የፓይተን ዘዴ ነው። በተንኮል የተዘጋጀ የፒክል ፋይል ሲከፈት ያልታሰበ ኮድ ሊያስፈጽም ስለሚችል፣ ላኪው የማይታወቅ ሴሽን አይከፈት።

የፕሮቲን ሥዕል ማስረጃ የሚሆነው ከጀርባው ያሉት ቁጥሮች ሲመረመሩ ነው። በመስኩ ያላችሁ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች፣ ሥዕላችሁን ስታሳትሙ ያስገኘውን ስክሪፕት አብራችሁ አስቀምጡ፤ ሥራችሁን ሌላው ሰው ደግሞ ሊያረጋግጠው የሚችለው ያን ጊዜ ነው።