የገንዳው ሒሳብ፦ ስለ አዲስ አበባ አገልግሎቶች የሚወራውና እውነታው

መብራት ሲጠፋ፣ ውኃ ሲቋረጥ፣ ገንዳ ሞልቶ አስፋልት ላይ ሲፈስ አዲስ አበቤ በአንድ ትንፋሽ «መንግሥት የት አለ?» ይላል። ግን መብራቱ የፌዴራል ድርጅት ሥራ ነው፤ ውኃና ገንዳው ደግሞ የከተማው። ካዝናቸው ለየብቻ፣ አለቃቸውም ለየብቻ ነው። የትኛው ካዝና ለምን እንደሚከፍል የማያውቅ ነዋሪ አቤቱታውን ይዞ የማይመለከተው ቢሮ ሲመላለስ ይከርማል፤ ሊጠየቅ የሚገባው ሹምም ተመችቶት ይቀመጣል። ስለዚህ በየሰፈሩ እንደ እውነት የሚወራውን ማጥራት ይገባል።

«ከተማዋን የሚያኖራት የፌዴራል ድጎማ ነው»

ግምቱ ከክልሎች አሠራር የመጣ ነው። ክልሎች በቀመር የሚከፋፈል ድጎማ በየዓመቱ ያገኛሉ፤ አዲስ አበባ ግን ከዚህ ጥቅል ድጎማ አትቋደስም። በፌዴራል በኩል የሚደርሳት በዋናነት ለተወሰነ ሥራ የታሰበ ገንዘብ፣ እንዲሁም የውጭ ብድርና እርዳታ ነው። የመምህሩን ደመወዝ፣ የጤና ጣቢያውን መድኃኒት፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱን በአብዛኛው የምትችለው ራሷ ከምትሰበስበው ነው፤ ከተቀጣሪ የደመወዝ ግብር፣ ከነጋዴ የትርፍ ግብር፣ ከቤት ኪራይ ገቢ፣ ከቴምብር ቀረጥ። የመርካቶ ቸርቻሪ የሚከፍለው ግብር ተመልሶ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ነርስ ደመወዝ ይሆናል።

«ሊዝ እያለ ከተማው ምን ቸገረው?»

ሊዝ ብዙ ብር ያስገባል፤ ግን መሬት አንዴ ከተላለፈ ተላለፈ። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት የመኖሪያ ቦታ እስከ 99 ዓመት ይሰጣል፤ ቅድሚያ ክፍያው ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም፤ ቀሪው በዓመታት ተከፋፍሎ ይገባል። በየወሩ የሚከፈል ደመወዝን በመሬት ሊዝ ላይ የሚያንጠለጥል ከተማ፣ ግንባታ የቀዘቀዘ ዕለት ይጨንቀዋል።

በየዓመቱ ሊገባ የሚችለው የቤት ግብር ነው። በተለምዶ የጣሪያና ግድግዳ የሚባለው የዚህ ግብር ተመን በ2015 ዓ.ም. ሲከለስ ብዙ ሰው አዲስ ግብር የመጣ መስሎት ነበር። የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር ሕግ ግን የደርግ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 80፣ 1968 ዓ.ም.። ተመኑ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ በመቆየቱ ነው ግብሩ የተረሳው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው የንብረት ግብር አዋጅ አጽድቋል። እኔ ግብሩን እደግፋለሁ። በሕዝብ ገንዘብ በተሠራ መንገድ ምክንያት ዋጋው ሰማይ የነካ ሕንፃ ለከተማው ጥቂት ሊመልስ ይገባል። የጡረተኛዋ የጭቃ ቤት ግን ከሕንፃው ጋር በአንድ ዓይን መታየት የለበትም።

«ቆሻሻ የሚወስዱልን በነፃ ነው»

ይህኛው ከሁሉም ያሳዝነኛል። በማለዳ በር እያንኳኩ፣ ማዳበሪያ በጀርባቸው አዝለው ወይም ጋሪ እየገፉ ቆሻሻ የሚሰበስቡት፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ በማኅበር የተደራጁ ሠራተኞች ናቸው። የከተማው ሠራተኛ ስላልሆኑ ወርኃዊ ደመወዝ የላቸውም፤ ሲከፈላቸው የኖረው ገንዳ ያደረሱት ተለክቶ ነው።

ክፍያው ከየት ይመጣል? ከውኃ ቢላችን። ለዓመታት ሲሠራበት በኖረው አሠራር መኖሪያ ቤት የውኃ ፍጆታውን ሒሳብ 20 በመቶ፣ ድርጅት ደግሞ 42.5 በመቶ ለጽዳት ጨምሮ ሲከፍል ቆይቷል። ቢሉን ሳያነቡ የሚከፍሉ ሰዎች ይህን ጭማሪ አያውቁትም። ዘዴው ገንዘቡን ያለ ብዙ ወጪ ይሰበስባል፤ ሚዛኑ ግን ያዳላል። የራሱን ጉድጓድ ያስቆፈረ ትልቅ ግቢ የውኃ ቢሉ ትንሽ ስለሆነ የጽዳት ክፍያውም ትንሽ ነው፤ ቆሻሻው ግን ትንሽ አይደለም። በአንጻሩ አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ ፍጆታው ተደምሮ ከፍ ያለ የታሪፍ እርከን ውስጥ ይገባል፤ ታሪፉ ብዙ ለሚጠቀም እየጨመረ የሚሄድ ነውና። ድሃን ይደግፋል የተባለ ታሪፍ ድሆች የተጠጋጉበትን ግቢ ይቀጣል።

«ከተማው ችግሩን በከተማው ውስጥ መጨረስ ይችላል»

አይችልም። የምንጠጣው ውኃ የሚጠራቀምባቸው የገፈርሳ፣ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች ያሉት ከአዲስ አበባ ወሰን ውጭ፣ ኦሮሚያ ውስጥ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ለነዋሪው ራሱን የማስተዳደር ሙሉ መብት ይሰጣል፤ አስተዳደሩን ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ያደርጋል፤ የኦሮሚያ ልዩ ጥቅም እንደሚጠበቅም ይደነግጋል። ሦስቱም ሐሳቦች አንድ አንቀጽ ውስጥ ናቸው።

ይህ መዘንጋቱ ምን እንደሚያስከፍል አይተናል። ረጲ ያለውን ነባሩን የቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼን፣ ይተካል ተብሎ በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ገንዘብ ኦሮሚያ ውስጥ ሰንዳፋ ላይ የተሠራው ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፤ በወራት ውስጥ ተዘጋ። መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተናደ፤ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። በቀጣዩ ዓመት እዚያው ረጲ የተመረቀው ከቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ንብረትነቱ የፌዴራሉ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ቆሻሻውን የሚያቀርበው ግን ከተማው። ሥራው ሲስተጓጎል ሁለቱንም መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ከንቲባውን እኛ መረጥን»

ድምፅ የምንሰጠው ለከተማው ምክር ቤት ነው፤ ከንቲባውን የሚሾመው እሱ ነው። 138 መቀመጫ ያለው ይኸው ምክር ቤት ሐምሌ 1 የሚጀምረውን የበጀት ዓመት ወጪና ገቢ ያጸድቃል፤ ለጽዳት፣ ለውኃ፣ ለመንገድ ስንት እንደሚመደብ የሚወሰነውም በዚያ ድምፅ ነው። በምርጫ ሰሞን ብቻ የምናውቃቸውን ተወካዮች ስለ ገንዳው በሰኔ መጠየቅ ይቻላል።